የመረጃ ቋት ኦፕሬተር ከመጫኑ በፊት፦ የኩበርኔቲስ ክላስተር ዝግጅት በክላውድኔቲቭፒጂ ምሳሌነት

የመረጃ ቋት ኦፕሬተርን በኩበርኔቲስ ክላስተር ላይ መጫን በራሱ አጭር ሥራ ነው። አንድ የያምል ፋይል ለክላስተሩ ይሰጣል፤ በጥቂት ጊዜ ውስጥ የኦፕሬተሩ ፖድ ይነሣል፤ መጫኑም መጠናቀቁ ይገለጻል። ይሁን እንጂ ይህ መልእክት የሚያረጋግጠው ፕሮግራሙ መነሣቱን ብቻ ነው። የመረጃው ደኅንነት የሚወሰነው ከዚያ በፊት በተቀመጡ፣ ብዙ ጊዜም ማንም ሆን ብሎ ባልመረጣቸው የክላስተሩ ቅንብሮች ነው። ኦፕሬተሩ ማከማቻውን፣ ኔትወርኩን፣ የፈቃድ ሥርዓቱንና የኖዶቹን አደላደል ከክላስተሩ ይወርሳል፤ የወረሰውን ጉድለት የማረም አቅም ግን የለውም። ከእነዚህ ቅንብሮች ከፊሎቹ ከጭነት በኋላም ያለ ችግር ሊለወጡ ይችላሉ፤ ከፊሎቹ ግን መረጃ ከገባባቸው በኋላ የሚለወጡት ቋቱን አውርዶ እንደገና በመገንባት ብቻ ነው። የዝግጅት ሥራ ትርጉም የሚያገኘውም በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

ለማብራሪያው ምሳሌነት ክላውድኔቲቭፒጂ የተባለው የፖስትግሬስኪውኤል ኦፕሬተር ተመርጧል። በኢዲቢ ኩባንያ ተጀምሮ እ.ኤ.አ. በ2022 ምንጩ ክፍት የሆነ ሲሆን፣ አሠራሩም በሰነድ በዝርዝር ተገልጿል። ከዚህ በታች «ክላስተር» የሚለው ቃል ለኩበርኔቲስ ብቻ ያገለግላል፤ አንድ ዋናና ተጠባባቂዎቹን የያዘው የፖስትግሬስ ቡድን ደግሞ «የቋት ስብስብ» ይባላል። ሁለቱን መቀላቀል በሰነዶችም ሆነ በውይይት የተለመደ የስሕተት ምንጭ ነውና።

ኦፕሬተር ለምን አስፈለገ?

ኩበርኔቲስ እ.ኤ.አ. በ2014 በጎግል ይፋ ሲደረግ በይበልጥ ይስማማ የነበረው መረጃ በውስጣቸው ለማይይዙ አገልግሎቶች ነበር። እንዲህ ባለው አገልግሎት አንዱ ፖድ ሲወድቅ ሌላው ይተካዋል፤ በተተኪውና በተተካው መካከል ልዩነት የለም። የመረጃ ቋት ፖዶች ግን እርስ በርስ አይተካኩም። አንዱ ዋና ነው፣ ጽሕፈትን የሚቀበለው እርሱ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ እርሱን ይከተላሉ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 በወጣው 1.9 ሥሪት የጸናው ስቴትፉልሴት ለእያንዳንዱ ፖድ ቋሚ ስምና ቋሚ ዲስክ በመስጠት ችግሩን በከፊል ፈትቷል። ሆኖም ዋናው ሲወድቅ ከተጠባባቂዎቹ የትኛው ከሁሉ ይልቅ ወደፊት እንደ ተራመደ፣ የቀድሞው ዋና ሲመለስም ምን መደረግ እንዳለበት ስቴትፉልሴት አያውቅም።

ኮርኦኤስ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2016 ኦፕሬተር የሚለውን ስያሜ ሲያስተዋውቅ ሐሳቡ ይህን የባለሙያ ዕውቀት በፕሮግራም መልክ ክላስተሩ ውስጥ ማኖር ነበር። ኦፕሬተሩ ተጠቃሚው የጻፈውን ፍላጎት ያነባል፣ ያለውን ሁኔታ ይመለከታል፣ ልዩነቱንም ለማጥበብ ያለማቋረጥ ይሠራል። ክላውድኔቲቭፒጂ በስቴትፉልሴት እንኳ አይገለገልም፤ ፖዶቹንና የማከማቻ ጥያቄዎቹን ራሱ በቀጥታ ይፈጥራል፣ ራሱም ያጠፋል። «ራሱም ያጠፋል» የሚለው ቀጥሎ ለሚነገረው ጉዳይ መሠረት ነው።

ፍቺዎቹና የመጥፋት ሰንሰለት

ኦፕሬተር ሲጫን በመጀመሪያ የሚገባው ፕሮግራሙ ሳይሆን ሲአርዲ የሚባሉት አዳዲስ የሀብት ፍቺዎች ናቸው። ኩበርኔቲስ በተፈጥሮው «የፖስትግሬስ ቋት» የሚባል ነገር አያውቅም፤ ሲአርዲው ያስተዋውቀዋል። እነዚህ ፍቺዎች ኔምስፔስ የላቸውም፤ የክላስተሩ ሁሉ የጋራ ንብረት ናቸው። አንድ ክላስተር በሚጋሩ የትምህርት ክፍሎች ዘንድ እያንዳንዱ ክፍል በየራሱ ኔምስፔስ የተለያየ ሥሪት ያለው ኦፕሬተር ቢጭን፣ ፕሮግራሞቹ ሁለት ቢሆኑም ፍቺው አንድ ብቻ ይሆናል። የመጨረሻው ጫኝ የጻፈው ፍቺ የቀዳሚውን ይሽራል። ስለዚህ የሲአርዲዎቹ ባለቤት ማን እንደሆነ፣ ማን ብቻ እንደሚያሻሽላቸው ከጭነት በፊት መወሰን ይኖርበታል። ክላስተሩ የትኛውን ሥሪት እንደሚያሄድም መታየት አለበት፤ ለምሳሌ በአሮጌው ቅድመ-ጽኑ ቅርጽ የተጻፉ ሲአርዲዎችን ኩበርኔቲስ ከ1.22 ጀምሮ አይቀበልም።

በዚህ ደረጃ ብዙዎችን የሚያስቆም አንድ ትንሽ እንቅፋት አለ። የተለመደው የኩብክተል «አፕላይ» ትዕዛዝ የተጫነውን ሰነድ ሙሉ ቅጂ በዕቃው ማብራሪያ ውስጥ ያስቀምጣል፤ ማብራሪያ ደግሞ ከ262144 ባይት ሊበልጥ አይችልም። የዘመናዊ ኦፕሬተሮች ሲአርዲ ከዚህ የሚበልጥበት ጊዜ አለ፤ ውጤቱም ስለ ማብራሪያ ርዝመት የሚናገር፣ ከኦፕሬተሩ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው የሚመስል ስሕተት ነው። መፍትሔው ሰነዱን ማሳጠር ሳይሆን ከ1.22 ጀምሮ የጸናውን፣ ውሕደቱ በኤፒአይ ሰርቨሩ በኩል የሚከናወንበትን የአፕላይ ዓይነት መጠቀም ነው። የክላውድኔቲቭፒጂ የመጫኛ መመሪያም ይህንኑ ያዛል።

ከዚህ እጅግ የሚከብደው የመጥፋት ሰንሰለት ነው። በክላውድኔቲቭፒጂ የማከማቻ ጥያቄዎቹ የቋት ስብስቡ «ልጆች» ተደርገው ይመዘገባሉ። ኩበርኔቲስ ወላጅ ሲጠፋ ልጆችን ያጸዳል። እንግዲህ አንድ አስተዳዳሪ ኦፕሬተሩን ለማውረድ ሲጭን የተጠቀመበትን ያንኑ ፋይል በ«ዲሊት» ትዕዛዝ ቢሰጥ ምን ይከተላል? ፋይሉ ሲአርዲዎቹንም ስለያዘ ፍቺዎቹ ይጠፋሉ፤ ፍቺ ሲጠፋ በእርሱ የተፈጠሩ የቋት ስብስቦች ሁሉ በየትኛውም ኔምስፔስ ቢሆኑ ይጠፋሉ፤ ስብስቦቹ ሲጠፉ የማከማቻ ጥያቄዎቹ ይጠፋሉ፤ የስቶሬጅ ክላሱ የመመለሻ መመሪያ በነባሪው «ዲሊት» ከሆነ ደግሞ ዲስኮቹ ራሳቸው ይሰረዛሉ። ከአንድ መስመር ትዕዛዝ እስከ ዲስክ መሰረዝ ድረስ በመካከል «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ የሚጠይቅ አንድም አካል የለም።

ሰንሰለቱን ለመቁረጥ የሚያስችሉ ሁለት ቦታዎች አሉ። የመጀመሪያው ሲአርዲዎቹን ከኦፕሬተሩ በተለየ ፋይል ማስተዳደርና የመሰረዝ ፈቃዱን ከዕለት ተዕለት አስተዳዳሪዎች ማንሣት ነው። በሄልም የሚጫን ከሆነ ሲአርዲዎቹ በጥቅሉ ውስጥ የት እንደ ተቀመጡ ማየት ይገባል፤ ለሲአርዲ በተለየው ማኅደር ውስጥ ያሉትን ሄልም ሲያወርድ አይነካቸውም፣ ሲያሻሽልም አያድሳቸውም፤ ከተራ ሰነዶች ጋር የተቀመጡትን ግን ለብቻው ካልተከለከለ ከሌላው ጋር ይሰርዛቸዋል። ሁለተኛው የመቁረጫ ቦታ ማከማቻው ነው፤ ስለ እርሱ በቦታው ይነገራል።

ፈቃድና የዌብሁክ መንገድ

ኦፕሬተሩ ፖዶችን፣ ምስጢሮችንና የማከማቻ ጥያቄዎችን የሚፈጥር በመሆኑ ሰፊ ፈቃድ ይጠይቃል። በነባሪው ክላውድኔቲቭፒጂ ሁሉንም ኔምስፔሶች ይከታተላል፤ ይህም በየኔምስፔሱ ያሉ ምስጢሮችን እስከ ማንበብ ይደርሳል። አንድ ቡድን ብቻ በሚጠቀምበት ክላስተር ይህ አያሳስብም። ብዙ ክፍሎች በሚጋሩት ክላስተር ግን ክትትሉን በተወሰነ ኔምስፔስ መገደብ የተሻለ ነው። ኩበርኔቲስ ማንም ሰው ራሱ የሌለውን ፈቃድ ለሌላ እንዳይሰጥ ስለሚከለክል፣ ጫኙ የክላስተሩ ዋና አስተዳዳሪ ወይም ቢያንስ ኦፕሬተሩ የሚፈልጋቸውን ፈቃዶች ሁሉ የያዘ ሰው መሆን አለበት። ዲፓርትመንቱ ለተማሪው የኔምስፔስ ፈቃድ ብቻ ሰጥቶ ኦፕሬተር ጫን ቢለው ሥራው በዚህ ምክንያት ይቆማል።

ቀጥሎ የሚመጣው ዌብሁክ ነው። ተጠቃሚው አዲስ የቋት ስብስብ እንዲፈጠር ሲጠይቅ፣ ኤፒአይ ሰርቨሩ ጥያቄውን ከመቀበሉ በፊት ለኦፕሬተሩ ልኮ ትክክለኛነቱን ያስመረምራል። በዚህ ሂደት የግንኙነቱ አቅጣጫ የተለመደው ተቃራኒ ነው፤ የቁጥጥር ማዕከሉ ወደ ኖዶቹ ይደውላል። ብዙ ፋየርዎሎች የተዋቀሩት ኖዶች ወደ ቁጥጥር ማዕከሉ እንዲደርሱ ብቻ ስለሆነ ጥሪው በመንገድ ይቀራል። በጎግል ክላውድ የግል ክላስተሮች ለምሳሌ ከቁጥጥር ማዕከሉ ወደ ኖዶች በነባሪው የተፈቀዱት ፖርቶች 443 እና 10250 ናቸው፤ የክላውድኔቲቭፒጂ ዌብሁክ የሚያዳምጠው ግን በ9443 ነው። የኦፕሬተሩ ፖድ ጤናማ ሆኖ ይታያል፤ ስብስብ የመፍጠር ጥያቄ ግን እስከ 10 ሰከንድ ጠብቆ ጊዜው አልፏል በሚል ይመለሳል። ችግሩ የኦፕሬተሩ ስለሚመስል ሰዎች ደጋግመው ያወርዱታል፣ ደጋግመውም ይጭኑታል።

በዚህ ጊዜ አንዳንዶች የሚወስዱት አቋራጭ፣ ዌብሁኩ ካልመለሰ ጥያቄው እንዲያልፍ መመሪያውን ማላላት ነው። ይህ የሚመከር አይደለም፤ ምክንያቱም የተሳሳተ ቅንብር ያለ ምርመራ እንዲገባ በር ይከፍታል። ፋየርዎሉን ማስተካከል ጥቂት ደቂቃ የሚወስድ ሥራ ነው። የኔትወርክ ፖሊሲ ባለበት ክላስተር ደግሞ ኦፕሬተሩ ከራሱ ኔምስፔስ ተነሥቶ የየፖዶቹን ሁኔታ ወደሚጠይቅበት 8000 ፖርትና ወደ ፖስትግሬሱ 5432 ፖርት መድረስ መቻሉ አስቀድሞ መረጋገጥ ይኖርበታል። የኦፕሬተሩ ፖድ ለጊዜው ቢወድቅ ቋቶቹ መሥራታቸውን ይቀጥላሉ፤ ዋናው ቢወድቅ ግን ተተኪ የሚሾም አይኖርም።

ማከማቻ፦ የማይመለሱ ውሳኔዎች

በኩበርኔቲስ ዲስክ የሚገኘው በስቶሬጅ ክላስ በኩል ነው። ስቶሬጅ ክላስ ዲስኩ ከየት፣ በምን ዓይነት፣ በምን ሁኔታ እንደሚሰጥ የሚገልጽ ውል ነው ማለት ይቻላል። የዚህ ውል አራት አንቀጾች፣ ማለትም አቅራቢው፣ የአቅራቢው መለኪያዎች፣ የመመለሻ መመሪያውና የማሰሪያ ሥርዓቱ፣ ክላሱ ከተፈጠረ በኋላ አይለወጡም። ሊለወጥ የሚችለው ዲስክን ለማስፋት የሚሰጠው ፈቃድ ነው፤ እርሱም ማስፋትን እንጂ ማሳነስን አይጨምርም። በመሆኑም ለመረጃ ቋት የተለየ ስቶሬጅ ክላስ መፍጠር፣ ከክላስተሩ ጋር የመጣውን ነባሪ ክላስ ለዌብ አገልግሎቶች መተው ተገቢ ነው።

የመመለሻ መመሪያው «ሪቴይን» ቢሆን ከላይ የተገለጸው የመጥፋት ሰንሰለት ዲስኩ ጋ ሲደርስ ይቆማል፤ ጥያቄው ቢጠፋም ዲስኩ ከነመረጃው ይቀራል። ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። የተጣሉ ዲስኮች እየተከማቹ ቦታ ይይዛሉ፣ የሚያጸዳቸውም ሰው ያስፈልጋል። ለሙከራ ክላስተር ይህ አላስፈላጊ ልፋት ሊሆን ይችላል፤ የተማሪ ውጤት ወይም የታካሚ መዝገብ ለሚቀመጥበት ግን ሌላ ምርጫ ማድረግ ከባድ ማስረጃ ይጠይቃል።

የማሰሪያ ሥርዓቱም እንዲሁ ነው። በ«ኢሚዲየት» ሥርዓት ዲስኩ የሚፈጠረው ፖዱ የት እንደሚውል ከመታወቁ በፊት ነው። ዲስኮች ከአንድ የመረጃ ማዕከል ወይም ከአንድ ኖድ ጋር በሚታሰሩበት አካባቢ፣ ዲስኩ በአንዱ ዞን ተፈጥሮ ለፖዱ የሚበቃ ማኅደረ ትውስታ ያለው በሌላው ዞን ሲሆን፣ ፖዱ ያለ ቦታ ተንጠልጥሎ ይቀራል። የመጀመሪያውን ተጠቃሚ የሚጠብቀው ሥርዓት መጀመሪያ ፖዱን ደልድሎ ዲስኩን በዚያው ስለሚፈጥር ይህ አይደርስበትም።

ከሁሉ የጠለቀው ጥያቄ ግን ዲስኩ «ጽፌአለሁ» ሲል እውነቱን ነው ወይ የሚለው ነው። ፖስትግሬስ እያንዳንዱን ለውጥ በዋና ፋይሎቹ ላይ ከማስፈሩ በፊት ዋል በተባለው መዝገብ ይጽፋል፤ ኤፍሲንክ በተባለው ጥሪም ጽሕፈቱ በእርግጥ ዲስክ ላይ እንዲያርፍ ይጠይቃል። ግብይቱ ተፈጽሟል ብሎ ለተጠቃሚው የሚመልሰው አዎንታ ከተሰጠው በኋላ ነው። ዲስኩ ወይም በመካከል ያለው የማከማቻ ሥርዓት መረጃውን በጊዜያዊ ማኅደር ይዞ አዎን ካለ፣ መብራት በጠፋ ጊዜ የተፈጸሙ ግብይቶች ይጠፋሉ፤ ቋቱም ራሱ ሊበላሽ ይችላል። የፖስትግሬስ ገንቢዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ከዚህ የተዛመደ ሌላ ጉድለት አግኝተዋል፤ በሊኑክስ ላይ አንድ ኤፍሲንክ ከከሸፈ በኋላ ጥሪው ቢደገም መረጃው ሳይጻፍ «ተሳክቷል» የሚል መልስ ሊመጣ ይችል ነበር። በ2019 መጀመሪያ በወጡት እርማቶች ፖስትግሬስ እንዲህ ያለ ክሽፈት ሲገጥመው ከመድገም ይልቅ ራሱን አቁሞ ከዋል እንዲያገግም ተደርጓል።

የኤሌክትሪክ መቆራረጥ በሚደጋገምበት የዩኒቨርሲቲ ሰርቨር ክፍል ይህ የንድፈ ሐሳብ ጉዳይ አይደለም። ደግነቱ መመዘኑ ቀላል ነው። ከፖስትግሬስ ጋር የሚመጣው ፒጂ ቴስት ኤፍሲንክ የተባለ አነስተኛ መሣሪያ በአንድ ሰከንድ ስንት አስተማማኝ ጽሕፈት እንደሚቻል ይለካል። በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚዞር ዲስክ በሰከንድ 120 ጊዜ ይዞራል፤ አንድ የጽሕፈት ሂደት ብቻውን ሲሠራ በየጽሕፈቱ በግምት አንድ ዙር ስለሚጠብቅ ከ120 ብዙ ሊበልጥ አይችልም። መሣሪያው በእንዲህ ያለ ዲስክ ላይ በሰከንድ ብዙ ሺህ ካመለከተ በመካከል አንድ ጊዜያዊ ማኅደር አለ ማለት ነው። ማኅደሩ በባትሪ የተደገፈ የሬይድ መቆጣጠሪያ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ካልሆነ የተለካው ፍጥነት ሳይሆን የመጥፋት አደጋው መጠን ነው። ምርመራው ኖዱ ላይ በቀጥታ ሳይሆን ቋቱ በሚጠቀምበት በዚያው ስቶሬጅ ክላስ ዲስክ በተሰጠው ፖድ ውስጥ መደረግ አለበት፤ ፖዱ የሚያየው ዲስክ ኖዱ ከሚያየው ሊለይ ይችላልና። በኔትወርክ የሚጋሩ የኤንኤፍኤስ ማኅደሮች «ሶፍት» በሚባለው ሥርዓት ከተሰቀሉ ኔትወርኩ ሲዘገይ ጽሕፈትን ጥለው ስለሚያልፉ ለመረጃ ቋት አይበቁም።

ዋልን በተለየ ቮልዩም ማስቀመጥ ይቻላል፤ ለሥራ ብርታትም ሆነ ለጥንቃቄ ጠቃሚ ነው። በክላውድኔቲቭፒጂ ግን አንድ ጊዜ ከተለየ በዚያው የቋት ስብስብ ላይ ተመልሶ ሊዋሐድ አይችልም።

ኖዶች፣ ኢቲሲዲና የጥገና ቀን

ሦስት ኖድ ብቻ ባላቸው አነስተኛ ክላስተሮች የቁጥጥር ማዕከሉና የተጠቃሚው ሥራ አንድ ኮምፒዩተር ላይ መኖራቸው የተለመደ ነው። የክላስተሩ ማኅደረ ትውስታ የሆነው ኢቲሲዲ ደግሞ ለዲስክ መዘግየት እጅግ ስሱ ነው፤ ከመቶ 99 ጽሕፈቶቹ ከ10 ሚሊሰከንድ በታች እንዲያልቁ ይመከራል። ፖስትግሬስና ኢቲሲዲ አንድ ዲስክ ቢጋሩ፣ አንድ ተመራማሪ ትልቅ የመረጃ ጥራዝ ወደ ቋቱ በሚያስገባበት ሰዓት ኢቲሲዲ ይዘገያል፤ አባላቱም መሪያቸው የሞተ መስሏቸው አዲስ ምርጫ ይጀምራሉ። የክላስተሩ መናወጥ ኦፕሬተሩንም ያናውጣል። በተቻለ መጠን ለየራሳቸው ዲስክ መስጠት ያስፈልጋል፤ አቅም ካለም ለቋቱ የተለዩ ኖዶችን በስያሜና በ«ቴይንት» መከለል ይገባል።

የፖዶቹ መራራቅም በራሱ አይገኝም። ክላውድኔቲቭፒጂ ቅጂዎቹን በተለያዩ ኖዶች ላይ ለማዋል በነባሪው ይሞክራል እንጂ አይገደድም። ሁለት ኖዶች ሞልተው ከሆነ ዋናውም ተጠባባቂዎቹም አንድ ኖድ ላይ ሊውሉ ይችላሉ፤ ሠንጠረዡ ሦስት ቅጂ ያሳያል፣ አንድ የኃይል ገመድ ሲነቀል ግን ሦስቱም ይጠፋሉ። ኖዶቹ ከሦስት በማያንሱበት ክላስተር መራራቁን አስገዳጅ ማድረግ ይሻላል። ቦታ በጠፋ ጊዜ ሦስተኛው ቅጂ ተንጠልጥሎ መታየቱ ችግሩን ይገልጠዋል እንጂ አይፈጥረውም።

ከዚሁ ጋር የኖድ ጥገና ይታሰብ። አስተዳዳሪው ኖዱን ለማደስ ባዶ ሲያደርግ ኦፕሬተሩ ያስቀመጠው የመቋረጥ ገደብ ዋናው በድንገት እንዳይነሣ ይከለክላል፤ ኦፕሬተሩም ሥልጣኑን ለተጠባባቂ አስተላልፎ መንገዱን ይለቃል። የቋት ስብስቡ አንድ ቅጂ ብቻ ካለው ግን የሚተላለፍለት የለም፤ ኖዱን ባዶ የማድረጉ ትዕዛዝ ማለቂያ ሳይኖረው ይጠብቃል። ለሙከራ በአንድ ቅጂ የተፈጠሩ ቋቶች የክላስተሩን ማሻሻያ የሚያስቆሙት በዚህ ምክንያት ነው። ገደቡን ለእነዚህ ስብስቦች ማንሣት የሚቻል ሲሆን ውሳኔው አስቀድሞ መጻፍ አለበት።

ኢሜጅና የፊደል ቅደም ተከተል

እያንዳንዱ የቋት ፖድ የሚነሣው ከሁለት ኢሜጆች ነው፤ የፖስትግሬሱ አለ፣ የኦፕሬተሩም አለ፤ ሁለተኛው ፖዱን የሚመራውን ፕሮግራም ወደ ውስጥ ይቀዳል። በመሆኑም ኦፕሬተሩ ያለበት ኖድ ብቻ ሳይሆን ቋት ሊውልበት የሚችል ኖድ ሁሉ ሁለቱንም ማግኘት አለበት። አንድ ሙሉ ግቢ በአንድ የኢንተርኔት አድራሻ በሚወጣበት ተቋም ይህ ቀላል አይደለም፤ ዶከር ሀብ ከኅዳር 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሳይመዘገቡ ለሚያወርዱ በአድራሻ ገደብ ጥሏል፤ ሌሎች ሬጂስትሪዎችም ግንኙነቱ በተቋረጠበት ሰዓት አይገኙም። ዋናው ወድቆ አዲስ ቅጂ በሚያስፈልግበት ቅጽበት ኢሜጅ ከውጭ መጠበቅ አደጋ ነው። በውስጥ የተቀመጠ መስታወት ሬጂስትሪ ይህን ይፈታል፤ ኢሜጆቹም በተንሳፋፊ ስያሜ ሳይሆን በማይለወጥ መለያቸው ቢጠሩ ይሻላል።

ለአማርኛ ጽሑፍ የሚሆን ቋት ሲታሰብ አንድ ተጨማሪ ውሳኔ ይመጣል፤ እርሱም ቃላት የሚደረደሩበት ሥርዓት ነው። ይህ የሚወሰነው ቋቱ በሚፈጠርበት ቅጽበት ሲሆን ለዚያው ቋት በኋላ አይለወጥም። ክላውድኔቲቭፒጂ በነባሪው «ሲ» የተባለውን ሥርዓት ይይዛል፤ በእርሱ ፊደላት የሚደረደሩት በዩኒኮድ ቁጥራቸው ነው። ግዕዝ እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ዩኒኮድ ሲገባ ፊደላቱ በሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ቅደም ተከተል ስለተቀመጡ ለአማርኛ ይህ ብዙም አይከፋም። በ2005 በተጨማሪ ክፍሎች የገቡት የሰባት ቤት ጉራጌና የሌሎች ቋንቋዎች ፊደላት ግን ከሁሉ በኋላ ይሰለፋሉ። የባሰው ችግር በፍለጋ ላይ ነው፤ ይህ ሥርዓት ከላቲን መሠረታዊ ፊደላት ውጭ ያለውን «ፊደል» ብሎ ስለማያውቀው፣ ቃልን የሚፈልግ ሬጉላር ኤክስፕሬሽን የግዕዝ ቃላትን ጭራሽ አያገኝም።

የሊኑክስን የቤተ መጻሕፍት ሥርዓት መምረጥ ፍለጋውን ይፈታል፤ ሆኖም የመደርደሪያ ሕጉ በኢሜጁ ውስጥ ባለው ጂሊብሲ ላይ የተመሠረተ ይሆናል። ጂሊብሲ በ2.28 ሥሪቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ሕጉን በሰፊው ሲለውጥ፣ ቀድሞ የተሠሩ የጽሑፍ ኢንዴክሶች ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ የተሳሳተ መልስ የሚሰጡ ሆነዋል። በኮንቴይነር ዓለም ይህ ይበልጥ ያሠጋል፤ ኢሜጁን መቀየር አንድ መስመር ማረም ስለሆነ ሥርዓተ ክወናው መለወጡ ላያስታውስ ይችላል። ፖስትግሬስ 17 ያስተዋወቀው አብሮ ገነብ የሆነው ሲ ዩቲኤፍ-8 ሥርዓት ከሁለቱም መልካሙን ይይዛል፦ ድርደራው በዩኒኮድ ቁጥር ነው፣ የግዕዝን ፊደል ፊደል ብሎ ያውቃል፣ ከጂሊብሲም ነፃ ነው። ለአዲስ ቋት ተመራጭ ሊሆን የሚገባው እርሱ ነው።

መጠባበቂያ ቅጂ የጭነት ቅድመ ሁኔታ ስለመሆኑ

መጠባበቂያ ቅጂ ብዙ ጊዜ «ከተረጋጋ በኋላ» ለሚለው ቀን ይተዋል። በክላውድኔቲቭፒጂ ግን የቅጂው መዳረሻ ከቋቱ ሕይወት ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው። ማኅደረ መዝገብ እንዲላክ ሲታዘዝ ፖስትግሬስ እያንዳንዱን የዋል ክፍል በተሳካ ሁኔታ መላኩን ሳያረጋግጥ አያጠፋውም። የመዳረሻው የይለፍ ቃል ስሕተት ቢሆን ቋቱ አይቆምም፤ ጥያቄዎችን መመለሱን ይቀጥላል፤ ክፍሎቹ ግን ዲስኩ ላይ ይከማቻሉ። የአንዱ ክፍል መጠን 16 ሜጋባይት ነው፤ ጥቂት ጽሕፈት ብቻ ባለበት ቋትም በነባሪው ቅንብር በየ5 ደቂቃው አንድ ክፍል ሊዘጋ ይችላል። ይህ በቀን 288 ክፍል፣ ማለትም 4608 ሜጋባይት ነው። 10 ጊጋባይት ዲስክ በሁለት ቀን ተኩል ውስጥ ይሞላል፤ ሲሞላም ፖስትግሬስ ይቆማል። አርብ ማታ የተጫነ ቋት ሰኞ ጠዋት ቆሞ የሚገኝበት አንዱ መንገድ ይህ ነው፤ ምርመራው የሚጀመረው ደግሞ ከፖስትግሬስ እንጂ ከተሳሳተው የይለፍ ቃል አይደለም።

መዳረሻው ከክላስተሩ ውጭ መሆን እንዳለበት ግልጽ ቢመስልም፣ ከኤስ3 ጋር የሚስማማ ማከማቻ በዚያው ክላስተር ውስጥ፣ በዚያው ስቶሬጅ ክላስ ላይ ተጭኖ መጠባበቂያ ተብሎ መጠራቱ ብርቅ አይደለም። በሌላ ሕንፃ ያለ አንድ ተራ ኮምፒዩተር ከዚህ ይሻላል። አዲሱ የባርማን ክላውድ ተሰኪ የምስክር ወረቀቶችን የሚያስተዳድረውን ሰርት-ማናጀርን ስለሚጠይቅ እርሱም ከኦፕሬተሩ ጋር አስቀድሞ መጫን ይኖርበታል። የየኖዶቹ ሰዓት መስማማትም እንዲሁ ነው፤ ሰዓቱ የራቀ ኖድ የምስክር ወረቀትን ገና አልጸናም ወይም ጊዜው አልፏል ብሎ ሊጥል ይችላል፤ ኤስ3ን የሚመስሉ ማከማቻዎችም ሰዓቱ በጣም የተዛባ ጥያቄን አይቀበሉም።

ዝግጅቱ መጠናቀቁ የሚታወቀው እውነተኛ መረጃ ከመግባቱ በፊት በሚደረግ ልምምድ ነው። ትንሽ የሙከራ ስብስብ በሦስት ቅጂ ይፈጠራል፤ ጥቂት ረድፎች ይጻፉበታል፤ ዋናው ያለበት ኖድ ኃይሉ ይቋረጣል፤ ምን ያህል ጊዜ ጽሕፈት እንደ ቆመ፣ የተፈጸሙት ረድፎችም እንዳሉ ይታያል። ከዚያ ስብስቡ ሆን ተብሎ ይሰረዛል፤ ዲስኮቹ በእርግጥ መቅረታቸው ይመረመራል፤ በመጨረሻም በሌላ ስም አዲስ ስብስብ ከውጭው መጠባበቂያ ቅጂ ይነሣል። ሦስቱም ካልተሳኩ ጭነቱ ይዘገያል፤ ተቋሙ የሚጠብቅ የተማሪዎች ምዝገባ ቢኖረውም እንኳ።